ውስጣዊ ትግልና ታላቅ ሥራ፤ ከቤትሆቨን ሕይወት የምናገኘው ትምህርት

የሰው ልጅ ከተፈጥሮና ከኅብረተሰብ ጋር የሚያደርገው ትግል ውጤቱ በግልጽ ስለሚታይ በታሪክ መዝገብ በሰፊው ተጽፎ ይገኛል። የተሠራው ድልድይ ይታያል፤ የለማው መሬት ይታያል፤ የፈረሰው ምሽግ ይታያል። ሰው ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግል ግን ምስክር ስለማይኖረው ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል፤ ካልተዘነጋም ባለቤቱ ከሞተ በኋላ በተረት ተሸፍኖ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የምንፈልገው ይህንኑ ውስጣዊ ትግል፣ ከታላላቅ ሥራዎችም ጋር ያለውን ግንኙነት ነው።

በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሥር ሰደው ይታያሉ። አንደኛው፣ ታላቅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ከልደታቸው ጀምሮ የተመረጡ በመሆናቸው ሌላው ሰው የሚፈተንበት ጭንቀትና ጥርጣሬ አይነካቸውም የሚለው ነው። ሁለተኛው በአንፃሩ፣ ሥቃይ ራሱ የታላቅነት እናት ነው፣ ያልተሠቃየ ሰው ቁም ነገር አይፈጥርም የሚለው ነው። የመጀመሪያው አመለካከት ሠርቶ አደሩ በራሱ ችሎታ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል። ሁለተኛው ግን ከዚህ የባሰ አደገኛ ነው፤ ድህነትን፣ በሽታንና በደልን እንደ በጎ አስተማሪ አድርጎ በማቅረብ ሊወገድ የሚገባውን መከራ እንድናመሰግን ያደርገናል። የሁለቱንም ስሕተት በተጨባጭ ለማሳየት የታላቁን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የሉድቪግ ቫን ቤትሆቨንን ሕይወት እንመለከታለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤትሆቨን በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቦን ከተማ ተወልዶ ዲሴምበር 17 ቀን 1770 ክርስትና ተነሣ። ቦን በዚያን ጊዜ የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ የሆነው መስፍን መቀመጫ ነበረች። አያቱ በመስፍኑ ግቢ የሙዚቀኞች አለቃ፣ አባቱ ዮሐን የግቢው ዘማሪ፣ የእናቱ አባት ደግሞ የሌላ መስፍን የወጥ ቤት አለቃ ነበሩ። በባላባታዊው ሥርዓት ሙዚቀኛ ከወጥ ሠሪውና ከፈረስ ጠባቂው ጋር አብሮ የሚቆጠር የቤት አገልጋይ ነበር። ደመወዙ ከመስፍኑ ሣጥን ይወጣል፤ ሙዚቃውም እንደ ወጡና እንደ መጠጡ ለግብር ማድመቂያ ይቀርባል። በአገራችን በመኳንንቱ ግብር ላይ እያቀነቀነ ይኖር የነበረውን አዝማሪ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ሁኔታ ለመረዳት አይቸገርም።

አባቱ የልጁን ተሰጥዖ ባየ ጊዜ ሞዛርት በሕፃንነቱ በየቤተ መንግሥቱ እየተዘዋወረ ያገኘውን ዝና በማሰብ ልጁን የገቢ ምንጭ ሊያደርገው ፈለገ። በ1778 በኮሎኝ ከተማ ለሕዝብ ሲያቀርበው የ7 ዓመቱን ልጅ የ6 ዓመት ነው ብሎ አስነገረ። አባትየው የመጠጥ ሱስ የጸናበትና ቁጡ ስለነበረ ትምህርቱ በማስፈራራትና በዱላ የሚሰጥ ነበር፤ ጎረቤቶችም ሕፃኑ በፒያኖው ፊት ቆሞ ሲያለቅስ እንዳዩ በኋላ ተናግረዋል። ቤትሆቨን ቀለም ቆጠራውን በ10 ወይም በ11 ዓመቱ አቋረጠ። በዚህም የተነሣ ማባዛት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልሆነለትም፤ ሲያስፈልገው ቁጥሩን ደጋግሞ እየጻፈ ይደምረው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ልጁን ሙዚቀኛ ያደረገው ዱላው ነው የሚሉ አሉ። ሐቁ ይህን አይደግፍም። በ1779 ወደ ቦን የመጣው ክርስቲያን ጎትሎብ ኔፈ የተባለ መምህር ልጁን በትዕግሥት አቀረበው፤ የባኽን ድርሰቶች አስጠናው፤ የመጀመሪያ ድርሰቶቹም እንዲታተሙለት አደረገ። ቤትሆቨን በዚህ ዓይነት በ1784 ገና በ13 ዓመቱ የግቢው ረዳት ኦርጋን መቺ ሆኖ ደመወዝ ተቆረጠለት። ዱላ ያተረፈለት ነገር ቢኖር በማንም ጌታ ላይ የማይበርድ ቁጣና በማንም ወዳጅ ላይ የማይለቅ ጥርጣሬ ነበር፤ እነዚህም ሁለቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስከፍሉት ኖረዋል።

በ1787 ለትምህርት ወደ ቪየና ተላከ። ወዲያው ግን የእናቱ ሕመም መክፋቱን ሰምቶ ተመለሰ፤ እናቱም በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በሳምባ ነቀርሳ ሞተች። አባትየው በመጠጥ ተሸንፎ ቤተሰቡን ማስተዳደር ስለተሳነው በ1789 የ18 ዓመቱ ወጣት የአባቱ ደመወዝ እኩሌታ ለእሱ እንዲከፈለው አመለከተ፤ ተፈቀደለትም። የሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሳዳሪ ሆነ። ያ ዓመት የፓሪስ ሕዝብ የባስቲይን ወኅኒ ቤት የሰበረበት ዓመት ነው። በቦን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለመከታተል የተመዘገበውም በዚሁ ዓመት ሲሆን፣ የሰው ልጅ እኩልነት የሚለው ሐሳብ በወጣቱ ጭንቅላት ውስጥ የገባው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከአገልጋይ ቤተሰብ ኑሮው ጋር ተገጣጥሞ ነበር።

በኖቬምበር 1792 ከሃይድን ዘንድ ለመማር ወደ ቪየና ተጓዘ፤ ወደ ቦንም ዳግመኛ አልተመለሰም። በ1794 የፈረንሣይ አብዮታዊ ሠራዊት የራይንን ምዕራባዊ ዳርቻ ሲይዝ መስፍኑ ሸሸ፤ ሦስት ትውልድ የቤትሆቨን ቤተሰብ ያገለገለበት ግቢም ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ወጣቱ የሚኖረው ፒያኖ በመጫወት፣ በማስተማርና ድርሰቱን ለአሳታሚዎች በመሸጥ ሆነ። በአንድ በኩል የማንም ጌታ የግቢ አገልጋይ አልነበረም። በሌላ በኩል ግን ሙዚቃውን የሚያደምጡት፣ ለትምህርት የሚከፍሉትና ቤታቸውን የሚከፍቱለት መሳፍንቱ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ልዑል ሊኽኖቭስኪ በቤቱ አስቀምጦታል፤ ከ1800 ጀምሮም በዓመት 600 ፍሎሪን ይሰጠው ነበር። ደጅ ጥናትን የሚጠላ ሰው በደጅ ጠኚ ገንዘብ እንዲኖር መገደዱ የመጀመሪያው ውስጣዊ ቅራኔው ነበር።

ሁለተኛው ቅራኔ ከዚህ የከበደ ነው። በ1798 ገደማ፣ በ27 ዓመቱ አካባቢ፣ ጆሮው ይጮኽበት ጀመር፤ ቀጫጭን ድምፆችም እየራቁት ሄዱ። በሌላ ሙያ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ጉዳት ቀስ በቀስ ሊለምደው ይችል ይሆናል። በሙዚቃ ለሚተዳደር ሰው ግን እንጀራውም፣ ክብሩም፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለው ቦታም በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ ወደቁ። ተፎካካሪዎቹ ቢያውቁ ምን ይላሉ የሚለው ፍርሃት ከበሽታው እኩል ያሠቃየው ስለነበረ ደበቀው። ሰዎች ሲያናግሩት በሐሳብ የተወሰደ መስሎ ዝም ማለትን ተለማመደ። ሁለት ዓመት ያህል ከሰው ስብሰባ ሸሸ፤ ኩሩና ሰው ጠል ነው ተባለ። ምሥጢሩን የገለጸው በ1801 ለሁለት ሩቅ ወዳጆቹ ብቻ ሲሆን፣ ከእነሱም አንዱ የልጅነት ጓደኛው ሐኪሙ ቬገለር ነው። በጆሮው የለውዝ ዘይት መጨመርን፣ ለብ ባለ የዳኑብ ወንዝ ውኃ መታጠብን፣ በክንዱ ላይ የዛፍ ልጥ ማሰርን ሞከረ። አንዱም ፈውስ አልሆነም።

በ1802 የጸደይና የበጋ ወራት በሐኪሙ ምክር ጸጥታ ፍለጋ ሃይሊገንሽታት ወደምትባል፣ ዛሬ የቪየና ከተማ አካል ወደሆነች የገጠር መንደር ወጣ። በኦክቶበር 6 ቀን፣ በ31 ዓመቱ፣ ለወንድሞቹ የተጻፈ ረጅም ኑዛዜ አዘጋጀ። በዚህ ጽሑፍ ሰዎች ክፉ ነው እያሉ የሚያሙት የሽሽቱን ምክንያት ባለማወቃቸው እንደሆነ ያስረዳል። አብሮት የቆመው ሰው የሩቅ ዋሽንት ሲሰማ እሱ ምንም አለመስማቱ ያደረሰበትን ውርደት ይዘረዝራል። ሕይወቱን ለማጥፋት ተቃርቦ እንደነበረና የያዘው ነገር ቢኖር ገና ያልሠራው ሥራ እንደሆነ ይናገራል። ከሞቱም በኋላ ሐኪሙ የበሽታውን ጠባይ ጽፎ ለሕዝብ እንዲያስታውቅ ይለምናል። ከአራት ቀን በኋላ በጨመረው ቃል ደግሞ የመዳን ተስፋው እንደ መከር ቅጠል መርገፉን ያረጋግጣል። ይህን ወረቀት ለማንም አልላከውም። ዕድሜውን ሙሉ ደብቆ ካኖረው በኋላ በ1827 ከሞቱ ወዲያ ከንብረቱ መካከል ተገኘ።

ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ኑዛዜ እንደ ድል ሰነድ አድርገው ያቀርቡታል። እኛ በዚህ አንስማማም። በወረቀቱ ላይ ድል የለም። በሽታው አልተሸነፈም፤ ከዚያ በኋላም ለ25 ዓመታት እየከፋ ሄደ። ተለወጠ ሊባል የሚችለው ሰውየው ለራሱ ያቀርብ የነበረው ጥያቄ ነው። ይህ መከራ ለምን በእኔ ላይ መጣ የሚለው ጥያቄ መልስ ስለሌለው ሰውን እዚያው ያስቀረዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በእጄ የቀረው ሥራ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ነገ ጠዋት ሊመለስ ይችላል። ቤትሆቨን በመከር ወደ ቪየና ተመልሶ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጠ።

ከዚህ የተገኘው ፍሬ በ1803 እና በ1804 የተደረሰው ሦስተኛው ሲምፎኒ ነው። ርዝመቱ እስከዚያ ከተለመዱት ሲምፎኒዎች እጥፍ ያህል ነበር። ድርሰቱን የአብዮቱ ልጅ መስሎ ለታየው ለናፖሊዮን ቦናፓርት ሊያበረክተው አስቦ ሳለ፣ በ1804 ናፖሊዮን ራሱን ንጉሠ ነገሥት ማሰኘቱን ሰማ። በአንደኛው ቅጂ ሽፋን ላይ የሰፈረውን የናፖሊዮንን ስም ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ፋቀው፤ ቀዳዳው እስከ ዛሬ ይታያል። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ጆሮውም፣ የአርአያ ሰውም ከዳው ማለት ነው። ሥራው ግን በሁለቱም ላይ አልተመሠረተምና ጸንቶ ቆመ።

ውስጣዊ ትግል እንዴት ወደ ሥራ እንደሚለወጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው የቤትሆቨንን የረቂቅ ደብተሮች መመልከት አለበት። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ ተበትነው የሚገኙት እነዚህ ደብተሮች በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች አሏቸው። እዚያ ላይ የሚታየው በአንድ ሌሊት የወረደ መገለጥ አይደለም። አንድን አጭር ዜማ ይጽፋል፤ ይሰርዘዋል፤ በሌላ መንገድ ይጽፈዋል፤ እንደገና ይሰርዘዋል። የአምስተኛው ሲምፎኒ የመጀመሪያ ሐሳቦች በ1804 በደብተሩ ላይ ብቅ ብለው ድርሰቱ የተጠናቀቀው በ1808 ነው። በግፍ የታሰረን ሰው ሚስቱ ነፃ ስታወጣ የሚያሳየው ብቸኛ ኦፔራው ፊዴልዮ በኖቬምበር 1805፣ የናፖሊዮን ጦር ቪየናን በያዘ በሳምንቱ፣ ታይቶ ከሦስት ቀን በኋላ ተቋረጠ። በ1806 አሳጠረው፤ አልሆነም። በ1814 እንደገና አፍርሶ ሠራው፤ ያን ጊዜ ተሳካ። ለዚሁ ለአንድ ኦፔራ አራት የመክፈቻ ሙዚቃዎች ደርሷል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገዛ ሥራን ያለ ርኅራኄ መተቸት ማለት ይህ ነው። የሰውየው ጭንቀት በሰው ላይ ሲወርድ ጥፋት፣ በራሱ ላይ ሲወርድ ተስፋ መቁረጥ ሲሆን፣ በደብተሩ ላይ ሲወርድ ግን እርማት ይሆን ነበር።

የመጀመሪያው ቅራኔ፣ ይኸውም የጌቶች ገንዘብ ጉዳይ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ አልተፈታም። በ1806 በሊኽኖቭስኪ የገጠር ርስት ላይ በእንግድነት ሳለ ልዑሉ ለፈረንሣይ የጦር መኮንኖች እንዲጫወት ቢጠይቀው እምቢ ብሎ ተነሥቶ ሄደ፤ የዓመት አበሉም ቀረ። በ1809 ሦስት መሳፍንት ከቪየና እንዳይወጣ ሲሉ በዓመት 4000 ፍሎሪን ሊሰጡት ተዋዋሉ። በ1811 ግን የአገሩ የወረቀት ገንዘብ ዋጋ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ፤ በ1812 ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ልዑል ኪንስኪ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። የቀረውን ለማግኘት ቤትሆቨን ብዙ መመላለስ ነበረበት። በግል ቸርነት ላይ የቆመ ነፃነት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ይህ ብቻውን ይመሰክራል።

የዚህ ሰው ውስጣዊ ትግል ሁልጊዜ በጎ ውጤት አስገኝቷል ብለን ብንጽፍ እውነቱን እንደብቃለን። በኖቬምበር 1815 ወንድሙ ካስፓር ካርል ሞቶ የ9 ዓመት ልጁ ካርል ከእናቱና ከአጎቱ እጅ ቀረ። ቤትሆቨን ልጁን ከእናቱ ለመንጠቅ እስከ 1820 ድረስ በፍርድ ቤት ተሟገተ። ክርክሩ የታየው በመጀመሪያ የመኳንንቱ ጉዳይ በሚታይበት ችሎት ነበር። በ1818 የዘሩን ማስረጃ ቢጠየቅ ማቅረብ አልቻለም፤ ቫን የሚለው ቃል በአያቱ አገር በፍላንደርስ የተለመደ የስም ክፍል እንጂ የመኳንንት ምልክት አይደለምና። መዝገቡ ወደ ተራው ሕዝብ ችሎት ተላለፈ፤ እሱም እንደ ውርደት ቆጠረው። ዘመኑን ሙሉ በዘር መመካትን ሲንቅ የኖረ ሰው በዘር መብት ለመጠቀም ሲሞክር ተገኘ። በመጨረሻ ክርክሩን አሸነፈ፤ ልጁን ግን በቅናትና በቁጥጥር አስጨነቀው። በ1826 በጋ ወጣቱ ካርል ሕይወቱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ቆስሎ ተረፈ። አጎትየው ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ እንዳረጀ የሚያውቁት ሰዎች መስክረዋል። የአባቱ ዱላ በሌላ መልክ ወደ ሌላ ልጅ ተሻግሮ ነበር። ሥቃይ ሰውን ያሻሽላል ለሚሉት ከዚህ የበለጠ መልስ የለንም።

በ1814 ከሌሎች ጋር ፒያኖ ይዞ በሕዝብ ፊት ተጫውቶ ካበቃ በኋላ ወደዚያ አልተመለሰም። ሜልትሰል የተባለው የመሣሪያ ሠሪ ያበጀለት ከጆሮ ላይ የሚደገን የመስሚያ ቀንድም በቂ አልሆነም። ከ1818 ጀምሮ ጠያቂዎቹ ሐሳባቸውን በደብተር እየጻፉ ያቀርቡለት፣ እሱ በቃል ይመልስላቸው ነበር። ከእነዚህ የመነጋገሪያ ደብተሮች ከ130 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ። በውስጣቸው የዓሣ ዋጋ፣ የቤት ሠራተኛ ክፍያ፣ የጋዜጣ ወሬ፣ የአሳታሚ ሒሳብ ተደባልቆ ይገኛል። ልብ ማለት የሚገባን ቀድሞ የተደበቀው ጉዳት አሁን በጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ መሆኑን ነው። መደበቁን ሲተው የሰዎችን እርዳታ መቀበል ቻለ።

ከቦን የወጣትነት ዘመኑ ጀምሮ የሺለርን የሰው ልጆች ወንድማማችነት ግጥም በዜማ ለማዋል ያስብ ነበር። ሐሳቡ የተፈጸመው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ሜይ 7 ቀን 1824 በቪየና በከርንትነርቶር ቲያትር ዘጠነኛው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ቤትሆቨን በመድረኩ ላይ ቆሞ ፍጥነቱን በእጁ ያመለክት ነበር፤ ሙዚቀኞቹ ግን የተነገራቸው ኡምላውፍ የተባለውን መሪ እንዲከተሉ ነው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ፊቱን ወደ ሙዚቀኞቹ አዙሮ ስለነበር አልሰማም። ከዘፋኞቹ አንዷ ካሮሊነ ኡንገር ይዛ ወደ ሕዝቡ አዞረችው፤ ሰዎቹም ሊያይ እንዲችል መሐረባቸውንና ባርኔጣቸውን እያነሡ አውለበለቡለት። ከትርኢቱ ያገኘው ገንዘብ ከወጪው በኋላ እጅግ ጥቂት ነበር። ይህን ስንገልጽ ስለ ብቸኛ ጀግና መናገራችን እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል። ኖታውን ሌሊት ከቀን የገለበጡት ጸሐፊዎች፣ ኅብረ ዝማሬውን የዘመሩት ወንዶችና ሴቶች፣ ያልሰማውን ድምፅ በሕይወት ያወጡት ሙዚቀኞች ባይኖሩ ኖሮ ዘጠነኛው ሲምፎኒ በወረቀት ላይ ዝም ብሎ በቀረ ነበር።

ቤትሆቨን ማርች 26 ቀን 1827 በ56 ዓመቱ አረፈ። በሺህ የሚቆጠር የቪየና ሕዝብ ቀብሩን ሸኘ፤ ችቦ ከያዙት መካከል ደራሲው ሹበርት ይገኝበታል። በኑዛዜው የጠየቀው የሕክምና መልስ ግን ዘገየ። በ2023 ተመራማሪዎች ከፀጉሩ ባገኙት የዘር ምርመራ ለጉበት በሽታ የሚያጋልጥ ውርስ እንደነበረበትና በመጨረሻዎቹ ወራት በጉበት ቫይረስ መያዙን አሳወቁ። በ2024 ደግሞ በፀጉሩ ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው እርሳስ መገኘቱ ታተመ። የደንቆሮነቱ ምክንያት ግን እስካሁን በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ከዚህ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ውስጣዊ ትግል በራሱ ታላቅነት አይደለም። በየሠፈሩ፣ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ከቤትሆቨን ያላነሰ የሚሠቃዩ ሰዎች ሞልተዋል፤ ከሥቃያቸውም የሚወለድ ሲምፎኒ የለም። ትግሉ ፍሬ የሚያፈራው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። እነሱም አስቀድሞ የተገኘ ዕውቀት፣ በየቀኑ የሚታረም ሥራ፣ ጉዳትንም ሳይደብቁ ከሰዎች ጋር መኖር ናቸው። ቤትሆቨን የመጀመሪያውን ከኔፈ አገኘ፤ ሁለተኛውን ራሱ አደረገ፤ ሦስተኛውን ግን ዘግይቶ፣ ያውም በከፊል ብቻ ተማረ። ዋጋውን የከፈለው ካርል ነው።

ስለሆነም በመኪና ጩኸት መካከል ጆሮው እየደከመ፣ ከሥራዬ እወጣለሁ ብሎ የሚደብቅ ባልደረባ ቢኖረን፣ መከራ ያጠነክርሃል ብለን አናልፈው። ሐኪም ዘንድ እናድርሰው፤ ጩኸቱ እንዲቀነስ፣ የጆሮ መከላከያም እንዲቀርብ እንጠይቅ፤ የሚችለውን ሥራ ከእጁ አንንጠቅ። በጎረቤታችን ያለ ልጅ ተሰጥዖ ቢታይበት ዱላ የያዘ አባት ሳይሆን ትዕግሥት ያለው መምህር እንዲያገኝ እንጣር። ከራሱ ጋር የሚታገል ሰው ትግሉን ማንም ሊታገልለት አይችልም፤ ነገር ግን ጠረጴዛውን፣ መብራቱንና የሚያዳምጠውን ሰው ልናቀርብለት እንችላለን። ይህም የእኛ የጋራ ሥራ ነው።